ለገጣፎ የጀመርነው ቤት ላይ ዕቃ እየጠፋ ነው፣ እንዴት እናስቁመው?

የለገዳዲዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

እኔና እናቴ ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ወደ ለገዳዲ በሚወስደው በኩል ቤት ጀምረናል። ጂ ፕላስ ዋን ነው። መሠረቱ አልቆ ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ቆመዋል፣ አሁን ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) ሊሞላ ነው። ገንዘቡን ወንድሜ ካለበት ሀገር ይልካል። እኔ ሥራዬ መሀል ከተማ ስለሆነ ሳይት የምደርሰው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ በሥራ ቀን ልሂድ ብል ታክሲው እስኪያደርሰኝ ይመሻል። ሰፈሩ ገና ነው። ከኋላችን ማሳ ነው፣ በጎን ሁለት የተጀመሩ ቤቶች አሉ፣ ባለቤቶቻቸው ውጭ ናቸው። የመንገድ መብራት የለም። አጥራችን ቆርቆሮ ነው።

መጀመሪያ የውሃ ፓምፑ ጠፋ። ከዚያ ጥቁር ሽቦና ባለ 8 ሚሊ ፌሮ (የአርማታ ብረት)። አሁን ደግሞ ሲሚንቶ። ያሳበደኝ ሲሚንቶው ነው፣ ምክንያቱም ቆልፈን ነው የምናስቀምጠው፣ ቁልፉ አልተሰበረም፣ ቆርቆሮውም አልተነቀለም፣ ግን እኔ ገና ግማሹ አለ ብዬ ሳስብ ፎርማኑ ደውሎ "አልቋል" ይለኛል። ዘበኛችን ከገጠር የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። "አላየሁም ልጄ" ይላሉ። ላምናቸው እፈልጋለሁ ግን ልቤ ተጠራጠረ። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች፣ "ይሄ የልጄ ላብ ነው" እያለች ታለቅሳለች። ፖሊስ ጋ ሄደን አመልክተናል፣ መዝግበው ፍንጭ ካገኛችሁ አምጡ አሉን።

ዘበኛ ልቀይር? መብራት ሳይገባ የሚሠራ ካሜራ አለ? ኮንቴይነር ይሻላል? ለሶሌታው ብዙ ፌሮና ሲሚንቶ ሊገባ ነው፣ ክረምቱም እየመጣ ነው። በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ።

ሳይት ኢንጂነር፦

እህቴ፣ ዘበኛ ከመቀየርሽም ካሜራ ከመግዛትሽም በፊት የማታውን ስርቆትና የቀኑን ለያይተሽ እዪ። ፓምፑ የማታ ሥራ ይመስላል። ሲሚንቶው ግን ቁልፍ ሳይሰበር ከሄደ በቀን ነው የሄደው፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሰው እያየ። ብዙ ሳይት ላይ ሠርቻለሁ፣ ባለቤቱን የሚጎዳው በአብዛኛው የቀኑ ነው።

ፎርማንሽ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ሲሚንቶ ሳይሰረቅም ያልቃል። እርጥበት ነክቶት ይጠጥራል፣ የሚያቦካው ሰው አብዝቶ ይጨምራል፣ የተረፈ አርማታ ይደፋል። ሂሳብ ካልያዝሽ ግን የትኛው እንደሆነ በጭራሽ አታውቂም፣ ንጹሑም ሰው አብሮ ይጠረጠራል።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ለሶሌታ የሚሆን አርማታ 1 ለ2 ለ3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ሲቦካ ለአንድ ሜትር ኩብ ወደ 7 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈጃል። ሶሌታሽ 100 ካሬ ሆኖ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ቢሆን 15 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ 105 ከረጢት አካባቢ፣ ማለትም 52 ወይም 53 ኩንታል። ቢሙን (ሶሌታውን የሚሸከመውን አግዳሚ) ለብቻው አስይው፣ ለብክነት ትንሽ ጨምሪ። ከዚህ በኋላ 70 ኩንታል አለቀ ብትባዪ ደረትሽን ነፍተሽ ትጠይቂያለሽ። ብሎኬትም እንዲሁ ነው፣ አንድ ካሬ ግድግዳ ብክነቱን ጨምሮ 13 ፍሬ ይበላል። ግድግዳውን ለክተሽ ታባዢያለሽ።

ፌሮ ሲገባ በዘንግ ቁጠሪው። አንዱ ዘንግ 12 ሜትር ነው። ባለ 8 ወደ 4.7 ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ 10 ደግሞ 7.4፣ ባለ 12 ወደ 10.7፣ ባለ 14 ወደ 14.5፣ ባለ 16 ወደ 19 ኪሎ። በኪሎ ከገዛሽ በነዚህ ቁጥሮች ስንት ዘንግ መምጣት እንዳለበት ታውቂያለሽ፣ ሲራገፍ ጎደሎ ካለ እዛው ይያዛል። አሸዋም የሚሰረቀው ገና ሳይራገፍ ነው። 16 ሜትር ኩብ ተብሎ የሚሸጥልሽን ሲኖትራክ ከመድፋቱ በፊት ርዝመቱን፣ ወርዱንና የአሸዋውን ከፍታ በሜትር አስለኪ። ሾፌሩ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

ሌላው ቁርጥራጭ ነው። ፌራዮውም (ፌሮ ቆራጩና አጣፊው) ቀን ሠራተኛውም የፌሮ ቁርጥራጭ የራሱ ድርሻ እንደሆነ የሚያስብበት ሳይት ብዙ ነው። ይህን ገና በውሉ ላይ ተነጋገሩበት። ካልተነጋገራችሁ ሙሉ ዘንግ ሆን ተብሎ ይቆረጥና "ቁርጥራጭ ነው" ተብሎ ይወጣል። አንድ ቦታ አስከምሪው፣ አስመዝኚው፣ ራስሽ ሽጪው፣ ከፈለግሽ ከገንዘቡ ለልጆቹ ምሳ አብዪ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ሲሚንቶ ከስቶር ሳይሆን ከሚክሰሩ አፍ ከተሰረቀ፣ ማለትም ሁለት ከረጢት ሊገባበት የሚገባው አንድ ተኩል ከገባበት፣ የሚጎዳው ኮለንሽና ሶሌታሽ ነው፣ ያንን ደግሞ በዓይንሽ አታዪውም። ሙሌት ቀን የምታምኚው ሰው ሚክሰሩ ጋ ቆሞ እያንዳንዱ ከረጢት ሲቀደድ ይቁጠር። ባዶ ከረጢቶቹ ማታ ተቆጥረው ይመለሱልሽ። ዘመድ ይሁን፣ ያንቺ ሰው ይሁን፣ ምሳም እዛው ይብላ እንጂ ከቦታው እንዳይነሳ።

የገላኑ አባወራ፦

ልጄ፣ እናትሽን አጽናኚልኝ። እኔ የሠራሁት ገላን በኩል ነው፣ ያኔ ከእኛ ወዲያ ጅብ እንጂ ሰው አልነበረም።

ኢንጂነሩ ያለው ትክክል ነው፣ ግን የማታውንም አትናቁት። እኔን ያዳነኝ ሰርቪሷን፣ ከዋናው ቤት የተለየችውን ትንሽ ቤት፣ ቀድሜ መጨረሴ ነው። አንዲት ክፍል በብሎኬት፣ ላሜራ በር፣ መስኮት የሌላት፣ ጣሪያዋ በደንብ የተመታ። ሲሚንቶው፣ ጥቁር ሽቦው፣ ሚስማሩ፣ መሣሪያው ሁሉ እዛ ይገባል፣ ቤቱ ሲያልቅም ሰርቪስ ሆና ትቀራለች። ኮንቴይነርም ጥሩ ነው ግን ማጓጓዣው፣ ክሬኑ፣ ከዚያ ደግሞ ማውጫው አለ፣ ብዙ ቦታም መንገዱ አያስገባም። የቆርቆሮ ስቶር እኮ ሚስማሩ ከውጭ ከሆነ በፒንሳ ይነቀላል፣ ጠዋት መልሰው ቢመቱት አታውቂም።

በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ አድርጊ። አንዱ ፎርማኑ ጋ፣ ሌላው ዘበኛው ጋ። አንዱ ብቻውን አይከፍትም። በደብተር ይጻፍ፣ ቀን፣ ምን ወጣ፣ ስንት፣ ማን ወሰደ፣ ፊርማ። ደብተሩን ማታ ማታ በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ።

ፌሮው ሰርቪስ ውስጥ አይገባም፣ 12 ሜትር ነው። እሱን ከአጥሩ ራቅ አድርገሽ ግቢው መሀል ባህር ዛፍ ላይ አስደርድሪው፣ በሰንሰለት ከኮለኑ ጋር አስተሳስሪው። ቀለምም ቀቢው። ጫፉን ብቻ አይደለም፣ ጫፉ ይቆረጣል፣ መሀሉንም አንድ ሁለት ቦታ። ብርቱካናማ ነበር የእኔ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ከተቻለ ደግሞ ፌሮው በገባ ማግስት ፌራዮው ቆርጦ ስታፋውን (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረውን ቀለበት) ይጠፍ። ተቆርጦ የታጠፈ ፌሮ ገዢ የለውም ማለት ይቻላል፣ በቁርጥራጭ ዋጋ ካልሆነ።

ሰው ዋጋ ይጨምራል ብሎ ሲሚንቶን ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ይከምራል። ዋጋው እውነት ይጨምራል፣ አልክድም፣ ግን ሳይት ላይ የተከመረ ሲሚንቶ ሌባ ይጠራል፣ ደግሞ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ጉልበቱ ይደክማል። ለሶሌታ የሚሆነውን ሙሌቱ ዋዜማ ወይም ጠዋቱን አስገቢ፣ ማታ ባዶ ከረጢት ብቻ ይቅር።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎንሽ ያሉት ሁለቱ ቤቶች ባለቤት የላቸውም አልሽ፣ ግን ወኪል አላቸው፣ ዘመድ ወይ ደላላ ስልካቸውን አያጣም። ፈልጊያቸው። ለሦስት ሆናችሁ አንድ ጎበዝ የሌሊት ጥበቃ ብትቀጥሩ ለእያንዳንዳችሁ ይቀላል። ዕድርም ከተቋቋመ ገና ቤት ባትገቢም ተመዝገቢ። ሰው የሚያውቀው ሰው ቤት ላይ ዓይኑ ያርፋል። በዓል ሲመጣ ተጠንቀቂ፣ ለመስቀል ሠራተኛው ወደ ሀገሩ ይሄዳል፣ ለፋሲካ ዘበኛው ይሄዳል፣ ሌባ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቀድመሽ ተተኪ አዘጋጂ።

ቴክ ወዳድ፦

ካሜራውን እኔ ልመልስ። መብራት አያስፈልግሽም፣ ሶላር ፓነል ያለው ሲም ካርድ የሚገባበት ካሜራ አለ፣ መርካቶም ቦሌም ይገኛል። ሰው ሲያልፍ ብቻ ይነሳና ስልክሽ ላይ ይልካል። ግን ሳትገዢ ይህን እወቂ። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሚጠፋ ባትሪው ይደክማል፣ ትልቁን ፓነል ውሰጂ። ወደ ማሳው አታዙሪው፣ ንፋስና ከብት ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቅስሽ ያድራል፣ በሦስተኛው ቀን ድምፁን ታጠፊዋለሽ። አንዱን ስቶር በር ላይ፣ አንዱን የግቢ በር ላይ፣ ከፍ አድርገሽ። የታርጋ ቁጥር እንዲያነብ የግቢው በር ካሜራ መኪና ሲገባ ፊት ለፊት ይሁን።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክሽ ጮኸ እንበል። አንቺ ከተማ ነሽ። ማን ነው የሚደርሰው? የዘበኛው፣ የአንድ ጎረቤትና የቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ከሌለሽ ካሜራው ሲሰረቅሽ እያየሽ ከመተኛት አያልፍም። በጀትሽ ትንሽ ከሆነ ከካሜራው በፊት ሰው ሲጠጋ የሚበራ የሶላር መብራት ሦስት አራት ቦታ ስቀዪ። ርካሽ ነው፣ ጨለማ ሰፈር ላይ ድንገት ሲበራ ዘበኛውም ይነቃል፣ የመጣውም ይመለሳል።

ቆፍጣናው፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? አጥሩ ቆርቆሮ ነው አላለችም? ከቅርብ ሰው መብራት ስቦ ማታ ማታ አጥሩ ላይ ማገናኘት ነው። አንዴ ከቀመሰ አይመለስም።

የመብራት ባለሙያ፦

እባክህ ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር አትጻፍ፣ የሚሞክረው ሰው አይጠፋም። በሀገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ቆርቆሮ ሲነካ የሚሞት እንጂ የሚቀምስ አይደለም። ሌባውን ላታገኘው ትችላለህ። ጠዋት ከብት የሚነዳ ልጅ ነው የሚነካው፣ ወይ ሊሸና የወጣው የራሷ ዘበኛ። በወንጀል ሕጉ በቸልተኝነት ሰው መግደል አንቀጽ 543 ነው፣ ሆን ብሎ አጥር ላይ ኤሌክትሪክ የለቀቀ ሰው ደግሞ ከዚያ የከበደ ክስ ሊጠብቀው ይችላል። ፓምፕ በሰው ነፍስ አይለወጥም። እሾህ ሽቦ ከላይ መዘርጋት ትችላለች፣ ከበቂ በላይ ነው።

እህት፣ አንቺ ገና ሶሌታ ላይ ስለሆንሽ ቀድሜ ልንገርሽ፣ የእኔ ሙያ ሲደርስ የሚሰረቀው ሌላ ነው። መዳብ። ሽቦው በግድግዳው ቱቦ ከገባ በኋላ በር የሌለው ቤት ውስጥ ካደረ ከሁለቱም ጫፍ ይጎተትና ይሄዳል። ልጣጩን ያቃጥሉና በኪሎ ይሸጡታል፣ ያኔ የማን እንደነበር ማንም አይለየውም። ስለዚህ ቱቦውና ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ይቀበር፣ ሽቦው ግን በርና መስኮት ሳይገጠም አይሳብ። ኤሌክትሪሺያንሽ "አንዴ ልጨርሰው" ቢልሽ እሺ አትበዪው፣ እሱ ክፍያውን ለመቀበል ቸኩሎ ነው። ብሬከር፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሽንት ቤት ዕቃ፣ ቧንቧ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሊገባበት በቀረበ ሰሞን ነው የሚገጠመው። አሉሚኒየም መስኮትም ቢሆን ተገጥሞ ወራት ባዶ ቤት ላይ አይቆይ።

የዘበኛው ልጅ፦

ስለ ዘበኛው ማንም ያላለው ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

አባቴ ሲኤምሲ አካባቢ ሰፈሩ ገና ሲገነባ ዘበኛ ነበር። ያደግኩት ሳይት ውስጥ ነው። እህቴ፣ ዘበኛ ብዙ ነገር ያያል። በቀን ማን ምን እንደጫነ ያያል። ግን ለማን ይንገር? ብዙ ቦታ ዘበኛውን የቀጠረው ፎርማኑ ነው፣ ደሞዙን የሚሰጠው ፎርማኑ ነው፣ ነገ ሊያባርረው የሚችለውም እሱ ነው። ባለቤቱ ሳምንት አንዴ በመኪና መጥቶ ከፎርማኑ ጋር አውርቶ ይሄዳል፣ ዘበኛውን በር ክፈት ከማለት ሌላ ስሙንም አያውቅም። አባቴ አንዴ ያየውን ተናገረ። በነጋታው "ይሄ ሽማግሌ ይተኛል" ተብሎ ተነገረበትና ወጣን። በዝናብ ዕቃችንን ተሸክመን ነው የወጣነው። ከዚያ በኋላ የትም ሲቀጠር አላየሁም ይል ነበር። እኔ አልፈርድበትም።

ስለዚህ "አላየሁም ልጄ" ያሉሽን ሰው ሌባ ናቸው ብለሽ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ደሞዛቸውን ራስሽ ስጫቸው፣ በቴሌብርም ቢሆን፣ ቀኑን ሳታሳልፊ። የአንቺ ስልክ እሳቸው ጋ ይኑር፣ ካርድ ሙዪላቸው፣ ማታ ማታ አንቺው ደውዪላቸው። እንዴት ዋሉ በዪ፣ ዛሬ ምን ገባ ምን ወጣ በዪ። ያኔ ሰውየው ተጠሪነታቸው ላንቺ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ፎርማኑም ያውቃል።

ደግሞ አስቢው፣ አንድ ትልቅ ሰው ቀን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ይውላሉ፣ አሸዋ ሲራገፍ ይቆማሉ፣ አርማታውን ውሃ ያጠጣሉ፣ ሌሊት ደግሞ አይተኙ ይባላል። ይህን ማን ይችላል? እንኳን እሳቸው ጎረምሳም አይችልም። የገላኑ አባት እንዳሉት የሌሊቱን ሰው ለብቻ ቅጠሪ፣ እሳቸው የቀኑ ይሁኑ። ጥሩ ባትሪ፣ ካፖርት፣ ቦቲ ጫማ፣ የማያፈስ ጎጆ። አባቴ ባትሪ እንኳ አልነበረውም፣ ጨለማ ውስጥ በዱላ ነበር የሚቆመው፣ ሦስት ሆነው የመጡ ዕለት ምን ያድርግ?

የለገዳዲዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የዘበኛው ልጅ፣ የጻፍከውን ለእናቴ አነበብኩላት፣ አለቀሰች። አባትህን ሰላም በልልን።

ልክ ነህ፣ ደሞዛቸውን የሚሰጣቸው ፎርማኑ ነበር፣ እኔ ከሱ ሂሳብ ጋር አብሬ ነው የምልከው። ማታ ራሴ ደወልኩላቸው። መጀመሪያ ፈሩ። ከአሁን በኋላ የሚከፈልዎት ከእኔ ነው ስላቸው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ ሲሚንቶው በጋሪ ወደ ጎን ሳይት ሲወጣ አይተው እንደነበር፣ ሲጠይቁ "ብድር ነው፣ ይመለሳል" ተብለው እንደነበር ነገሩኝ። ጎን ያለውንም ሳይት የሚሠራው የእኛው ፎርማን ነው። ታዲያ እውነት ብድር ይሁን አይሁን እንዴት ልወቅ? ፎርማኑ እጁ ጥሩ ነው፣ ሶሌታው ሳይሞላ ብጣላው ሥራው ይቆምብኛል። ደግሞ ዘበኛው ናቸው የነገሩኝ ማለት አልፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሰውየው ተያዥ የላቸውም። አሁን ተያዥ አምጡ ብላቸው ያዝኑብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሳይት ኢንጂነር፦

በሳይቶች መሀል ሲሚንቶ መበዳደር የተለመደ ነው፣ በተለይ ሙሌት ተጀምሮ ሲጎድል። ስለዚህ ብድር ሊሆን ይችላል። ችግሩ ወረቀት የሌለው ብድር አይመለስም፣ የጎኑም ባለቤት ውጭ ስለሆነ የሱ ሲሚንቶ መጉደሉን የሚያውቅ የለም።

ዘበኛውን ሳትጠሪ ከሂሳቡ ተነሺ። እስካሁን የገዛሽውን ሲሚንቶ በደረሰኝ ደምሪ፣ የተሞላውን ፋውንዴሽንና ኮለን ከፕላኑ ላይ አስልተሽ (ወይ ፕላኑን ፎቶ አንስተሽ ስደጂልኝ፣ እኔ አስላልሻለሁ) ልዩነቱን አውጪ። ከዚያ ቁጭ በሉና "ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ሥራ ላይ አለ፣ ይህን ያህል ጎደለ፣ የት ሄደ?" በዪው። ቁጥር ይዘሽ ስትቀርቢ ጠብ አይሆንም። ብድር ነው ካለ "ጥሩ፣ ለሶሌታው ሲሚንቶ ሲገባ ያ ተመላሽ ይሆናል" በዪና ፈርሙ። ከዛሬ ጀምሮ ከግቢ የሚወጣ ማንኛውም ነገር ያንቺ መልእክት ሳይደርስ አይወጣም ብለሽ ዘበኛው ባለበት ለፎርማኑ ንገሪው፣ ያን ጊዜ ሽማግሌው ቆመው "ልጅቷን አስደውል" ማለት ይችላሉ። እጁ ጥሩ ከሆነ አትጣዪው። እሱም ሥራውን አይፈልግም ማለት አይደለም።

የዘበኛው ልጅ፦

ስለ ተያዡ፣ አያዝኑም። በአክብሮት ጠይቂያቸው፣ "አባቴ፣ ቤቱን አደራ የሰጠሁት ለእርስዎ ስለሆነ ወረቀቱን እናስተካክል" በዪያቸው። ፋይዳ ካላቸው ኮፒውን ውሰጂ፣ ከሌላቸው አብረሻቸው ሄደሽ አስመዝግቢያቸው፣ ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል። ከሀገራቸው ሰው አዲስ አበባ የሚሠራ ዘመድ አይጠፋም፣ እሱ ይፈርምላቸዋል። የሌሊቱን ሰው ስትቀጥሪ ግን ከመጀመሪያው ቀን በተያዥ ይሁን።

ሰበታ ያለችው፦

እኔም ሴት ነኝ፣ እኔም ብቻዬን ነው ያሠራሁት፣ እናትሽ እንዳትፈራ ንገሪልኝ፣ ያልቃል።

ክረምቱን በተመለከተ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ ሰው አጥር ሲነቅል እንኳ አይሰማም፣ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ሥራ የምታቆሚ ከሆነ ሳይት ላይ የሚሸጥ ነገር አታስቀሪ። የተረፈ ሲሚንቶ ካለ ጣውላ ላይ ከፍ አድርገሽ፣ ከግድግዳው አራርቀሽ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳትደራርቢ በላስቲክ ሸፍኚ። ሚክሰርና ቫይብሬተር (አርማታ መጠቅጠቂያ) የተከራየሽው ከሆነ ሙሌቱ ባለቀበት ማታ መልሺ፣ አድሮ ከጠፋ ዕዳው ያንቺ ነው። የሶሌታው ጣውላና ባህር ዛፍ ሲፈታ ብዙ ሰው ግድ አይሰጠውም፣ እኔ ግን በቁጥር ነበር የማስረክበው፣ ያንኑ እንጨት ለፎቁም ትፈልጊዋለሽ።

ፖሊስ መዝግቧል ያልሽውን ደግሞ አትናቂው። የፓምፑ ደረሰኝ ካለሽ፣ ሴሪ ቁጥሩ ካለሽ፣ ወስደሽ ከመዝገቡ ጋር አያይዢ። የፌሮሽን ቀለምም አስመዝግቢ። አካባቢው ላይ ብረት የሚገዙ ካሉ ሄደሽ በሰላም ንገሪያቸው፣ ብርቱካናማ የተቀባ ፌሮ ከመጣ የእኔ ነው፣ ፖሊስ ያውቃል በያቸው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ሰውም በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 682 ይጠየቃል፣ ይህን ነጋዴው ራሱ ያውቃል። እኔ ከነገርኳቸው በኋላ አንደኛው ራሱ ነው ደውሎ "እህቴ፣ ያንቺ የሚመስል መጥቷል" ያለኝ።

የለገዳዲዋ፦

ፕላኑን ላክሁልህ ኢንጂነር። ቅዳሜ ከፎርማኑ ጋር ቁጭ እንላለን፣ አጎቴም ሙሌቱ ቀን ሚክሰሩ ጋ እቆማለሁ ብሎኛል። የጎኑን ቤት ወኪል ስልክ አግኝቻለሁ፣ የሌሊት ጥበቃውን ለሁለት ለመክፈል ተስማምቷል፣ ሦስተኛውን እየፈለግሁ ነው። የሶላር መብራቱን ከየት እንደገዛችሁ የምታውቁ ካላችሁ ሱቁን ጻፉልኝ።